እጇን ሳታወጣ

ጂቱ ጋሮማን ያስተማርኳት አራተኛ ክፍል ነው። ዘመኑ 1996 ዓ.ም.፣ ቦታው አምቦ፣ ክፍሉ ደግሞ ሰባ ሁለት ልጅ የታጨቀበት ነበር። ስለ እሷ ለመጻፍ የተነሣሁት ስመ ጥር ሆና አይደለም። አምቦ መናኸሪያ ቆማችሁ «ጂቱ» ብትሉ አምስት ሴት ዞር ይላል፤ የእኔዋ ጂቱ ግን ለመዞር እንኳ ጊዜ ትወስዳለች፤ መጀመሪያ የተጠራችው እሷ መሆኗን ታረጋግጣለች። የምጽፈው ባለውለታዬ ስለሆነች ነው። እኔ ደግሞ ማመስገን የማይሆንልኝ ሴት ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሳስተምር «ጎበዝ» ያልኳቸው ልጆች ተሰብስበው አንድ ረድፍ ዴስክ አይሞሉም። ባለቤቴ ቀንዓ ይህን ስል ሲሰማ «እኔንም ገና አላልሽኝም» ይላል። እውነቱን ነው።

ክፍሌ ውስጥ አንድ ሕግ ነበረኝ። እጁን ሳያወጣና ሳይፈቀድለት የተናገረ ልጅ፣ ደወል እስኪደወል በአንድ እግሩ ይቆማል። ሰባ ሁለት አፍ በሌላ መንገድ አይገዛም፤ ያልመሰለው መጥቶ ይሞክረው። ጂቱ ላይ ይህ ቅጣት የደረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መልሱን ታውቀው ስለነበር ሳታስበው አመለጣት። መልሱ ትክክል ነበር፤ ቢሆንም አቆምኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺ ልጅ ሳይፈቀድላት አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ጀርባዬን ለልጆቹ ሰጥቼ ስጽፍ፣ በእንጨት እግር የቆመው ጥቁር ሰሌዳ ቀስ ብሎ ዘንበል አለና ግራ እግሬ ላይ ወደቀ። ሕመሙ ዓይኔን አጨለመው። ዞር ስል ፊት ለፊት የተቀመጠችው ጂቱ ክንዷን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ዘርግታለች። ሰሌዳው ሲያዘነብል አይታው እንደሆነ በንዴት ጠየቅኳት።

«አዎ ቲቸር» አለችኝ፤ «እጄን አውጥቼ ነበር።»

ሦስት ሳምንት አነከስኩ። ይህን ታሪክ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ለሃያ ዓመት ያህል እያወራሁ ሰው አስቄበታለሁ። ልጅቷ ቂል ነበረች ብዬ ነበር የማወራው። በማን መሳቅ እንደነበረብን የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

ስለ አባቷ ካልነገርኳችሁ ጂቱን አታውቋትም። ኦቦ ጋሮማ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በሌላ ነው። መርዶ ነጋሪ ነው። አንድ ሰው ሩቅ አገር ዘመድ ሲሞትበት፣ ዕድሩ የሚልከው ኦቦ ጋሮማን ነው። ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ደርቦ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ይመጣል። ገብቶ ይቀመጣል፤ ሰላምታው ራሱ ረጅም ነው። ቀጥሎ ስለ ዝናብ ያነሣል፤ ስለ ከብት፣ ስለ አዝመራ። ከዚያ ስለ በሽታ ያወራል፤ ዘንድሮ ሰው እንዴት እንደሚታመም፣ ሐኪም ቤት እንዴት እንደሞላ። የሰውየው ልብ በዚህ ሁሉ መሀል ቀስ እያለ ይዘጋጃል። ስሙን የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። በዚህ አነጋገሩ ብዙ ሰው በድንጋጤ ከመውደቅ ድኗል፤ እኔ ራሴ የአባቴን ሞት የሰማሁት ከእሱ ነው፤ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። የሰፈር ልጆች ግን ኦቦ ጋሮማን በጠዋት ጋቢ ለብሶ ካዩት ወደየቤታቸው ይሮጣሉ።

ጂቱ እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ፣ የእኔ ደግሞ ተማሪ ናት። ክፉ ነገር በችኮላ እንደማይነገር ከአባቷ፣ ያልተፈቀደለት እንደማይናገር ከእኔ ተምራ አደገች። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ሲከፈት በስንት መከራ በ2010 በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተመረቀች፤ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆስፒታል የሕክምና ዕቃ ጠጋኝ ሆና ተቀጠረች። እዚያ ከውጭ የመጣና ማንም ያልነካው የነርቭ መከታተያ መሣሪያ ጥግ ላይ ተሸፍኖ አገኘች። ፈታታችው፣ ገጣጠመችው፣ አስነሣችው። ዶክተር አያና የሚባሉ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ይህን አይተው ሰባት ወር ውጭ አገር አሠለጠኗት። ተመልሳ ስትመጣ ጠጋኝነቷ ቀርቶ ሌላ ሰው ሆናለች።

ሥራዋን እንደገባኝ ላስረዳ። ጭንቅላት ከአንገት የሚገናኝበት ላይ የአንጎል ግንድ የሚሉት አለ፤ ውፍረቱ ከአውራ ጣት ብዙ አይበልጥም። ፊት የሚንቀሳቀስበት፣ ምግብ የሚዋጥበት፣ ምላስ የሚዞርበት ነርቭ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ነው። እዚያ አካባቢ ዕጢ የበቀለበት ሰው ሲከፈት፣ ሐኪሙ ነርቩን ቢነካበት «አመመኝ» ሊል አይችልም፤ ተኝቷል። ስለዚህ ጂቱ ቅንድብ ላይ፣ ከንፈር ላይ፣ ምላስና ጉሮሮ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች ትሰካና ስክሪኗ ፊት ትቀመጣለች። ነርቩ ሲነካ መሣሪያው እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። ሲጨነቅ መንጣጣቱ ይያያዝና አንድ ወጥ እሪታ ይሆናል። ያኔ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ተናግራ ሐኪሙን ካላስቆመች እሪታው ይጠፋል፤ ከእሪታው ጋር ነርቩም ሊሄድ ይችላል።

በ2012 ይህ ደረሰባት። ታካሚው የካቺሲ ሰው፣ ጎልማሳ የከብት ነጋዴ ነበር። መሣሪያው እሪ ሲል ጂቱ ከወንበሯ ተነሣች፤ እጇን ትንሽ ከፍ አደረገች፤ «ይቅርታ ዶክተር፣ ካላስቸገርኩ አንድ ነገር...» አለች። ዶክተር አያና ዓይናቸውን ከማጉያው ሳያነሡ ቆይ አሏት። ቆየች። ሲፈቅዱላት መሣሪያው ዝም ብሏል። ሰውየው ሲነቃ የፊቱ ግራ ጎን ወርዶ፣ ዓይኑ አልከደን ብሎ፣ አፉ ወደ አንድ ወገን ተስቦ ነበር። ማንም አልወቀሳትም። ዶክተሩም ባያቆዩዋት ኖሮ እንኳ ይህ ሊደርስ ይችል እንደነበር ተናገሩ፤ ጥፋቱንም ወደ ራሳቸው ወሰዱ። እሷ ግን ስንት ሰከንድ እንደጠበቀች ታውቃለች።

በዚያው ሰሞን አምቦ መጥታ ቤቴ ጎራ አለች። ከስታለች። ያቀረብኩላትን ሻይ ሳትነካ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ትልቅ ሰው ሥራ ላይ እያለ እንዴት ነው የሚቋረጠው? ምን እንደገጠማት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ስለ ሥነ ሥርዓት ልትጠይቀኝ መጣች ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«አይቋረጥም» አልኳት። «የጨዋ ልጅ ተራዋን ትጠብቃለች።»

እሺ ብላ ሄደች። ሻዩ እንደተቀዳ ቀረ።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። በ2014 ክረምት ግራ ጆሮዬ መስማት አቆመ። የጆሮ ኩክ ነው አልኩ። መስከረም ላይ ስራመድ መንገዱ ያዘነብልብኝ ጀመር፤ አንዷ የተማሪ እናት ለሌላዋ «ቲቸር ድንቅቱ ጠላ ጀምራለች» ማለቷን ሰማሁ፤ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። ጠመኔ ከእጄ ይወድቃል። በኋላ ውሃ ስጠጣ ትን ማለት አበዛሁ። ቀንዓ አዲስ አበባ ወስዶ ኤምአርአይ አስነሣኝ። ከአንጎል ግንዴ ጋር የተጣበቀ፣ ሎሚ የሚያክል ዕጢ ተገኘ። ጂቱ በተቀጠረችበት ሆስፒታል ያከሙኝ እኚያው ዶክተር አያና ናቸው። ካልወጣ እንደሚገድለኝ፣ ሲወጣ ደግሞ ፊቴን ወይም መዋጤን ይዞ ሊሄድ እንደሚችል ነገሩኝ።

ሞትን ያን ያህል አልፈራሁም፤ ስትሞት መርዶውን የምትሰማው አንተ አይደለህም። የፈራሁት ሌላ ነው። በአፍንጫዬ በገባ ቱቦ እየተመገብኩ፣ በተጣመመ አፍ ሰባ ልጅ ፊት መቆምን ፈራሁ። መምህር ያለ አፉና ያለ ፊቱ ምን አለው? አንድ ልጅ ሲያጠፋ ገና ቅንድቤን ሳነሣ ነበር የሚቀመጠው። ያን ሁሉ ዓመት ክፍል የገዛሁት በፊቴ ነው።

ዶክተሩ ነርቭ የምትከታተል ባለሙያ እንዳለችና የአገሬ ልጅ እንደሆነች ነግረውኝ አስጠሯት። ጂቱ ገባች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! አቅፌ ሳምኳት። እሷ ግን አልጋዬ ጎን ተቀምጣ ስለ አምቦ አየር፣ ስለ ጉደር መንገድ፣ ስለ ጤናዬ ስትዞር አየኋትና ቁርጥ አባቷን መሰለችኝ። በቀጥታ እንድትነግረኝ ተቆጣኋት። ያኔ የካቺሲውን ሰው ታሪክ ነገረችኝ። እኔ ዘንድ መጥታ የጠየቀችኝ ከዚያ በኋላ እንደነበር ነገረችኝ። እንደዚያ ያለ ሥራ የሚችል ሌላ ሰው ሆስፒታሉ እንደሌለው፣ እኔ ግን ይህን ሳላውቅ እንድተኛ ሕሊናዋ እንዳልፈቀደላት ነገረችኝ።

እኔ የሰጠኋት መልስ ትዝ አለኝ።

ከካቺሲው ሰው ወዲህ ጂቱ ከዶክተር አያና ጋር ተስማምታለች። መሣሪያው እሪ ካለ የምትለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አቁም»። ይቅርታ የለ፣ አንቱታ የለ፣ ዶክተር የለ። ሦስት ዓመት ስትለው ኖራለች፤ ሌላ ሰውም አልተጎዳባትም። ግን ሁልጊዜ ትንሽ ትዘገያለች። ለምን ብዬ ጠየቅኳት።

«ቲቸር፣ እጄ ይቀድመኛል» አለችኝ።

ቀዶ ሕክምናው ሊደረግ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ሁለቱንም ቀን ከሰዓት በኋላ ላስተምራት ወሰንኩ፤ ያበላሸሁትን እኔው ላበጀው። የጎረቤት አልጋ ሴትዮ የምታነበውን ጋዜጣ ተዋስኩ። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ «መንገድ» የሚለው ቃል ጋ ስደርስ ጂቱ ታቋርጠኛለች። ቀላል ይመስላል። ቃሉ ጋ ስደርስ ቀኝ እጇ ወደ ትከሻዋ ብድግ አለ፤ ከዚያ ነው አፏ የተከፈተው። ደገምን። አሁንም እጇ ቀደመ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት የደረሰ፣ የሰለጠነች ሴት! በዓይኔ አየሁት፤ ያ እጅ የእኔ እጅ ነበር። አራተኛ ክፍል የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

«እጅሽ ላይ ተቀመጪበት» አልኳት።

ተቀመጠችበት። አነበብኩ። «አቁም!» ብላ ስትጮህ ነርሷ ሰው ሞተ ብላ እየሮጠች መጣች። ቀንዓ ከሳቁ ብዛት ግድግዳ ያዘ። በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ምንም ሳታንቀሳቅሰው፣ ቃሉ ከአፌ ሳያልቅ ትቆርጠኝ ጀመር። «ጎበዝ» አልኳት። ቀንዓ ኮርኒሱን አየ።

መጋቢት 2015፣ ሐሙስ ጠዋት ገባሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን የምነግራችሁ የነገሩኝን ነው፤ እኔ ተኝቻለሁ።

አራት ሰዓት ያህል ሥራው በሰላም ሄደ። ዕጢውን ከውስጥ እየቦረቦሩ አሳነሱት። አምስተኛው ሰዓት ላይ ፈንዲሻው ተጀመረ፤ ተያያዘ፤ እሪ አለ። «አቁም!» አለች ጂቱ። የዶክተሩ እጅ ባለበት ቀረ። ልምዱ ያልነበራት አንዲት ነርስ እንደዚህ ያለ ድፍረት አይታ አታውቅም ነበርና ክው ብላ አየቻት። ቦታውን ለብ ባለ ውሃ አጥበው ጠበቁ። ስምንት ደቂቃ ሲሆነው መሣሪያው ነርቩ ደህና መሆኑን ተናገረ፤ ቀጠሉ። እንደዚህ ሦስት ጊዜ ሆነ፤ ሦስቱንም ጊዜ እጇ አልተነሣም።

መጨረሻ ላይ ከግንዱ ጋር የተጣበቀች ትንሽ ቁራጭ ቀረች። ዶክተር አያና አንድ ጊዜ ሊሞክሯት ፈለጉ። መቁረጫቸውን ገና ሲያስጠጉ እሪታው መጣ፤ «አቁም!» አለች። አቆሙ፤ ጠበቁ፤ ደገሙ፤ ያው ሆነ። ያኔ ዶክተሩ ሳይቆጡ፣ ደክሟቸው፣ ይህችን ከተውናት ተመልሳ ልታድግ እንደምትችል ነገሯት።

«ያ ወደፊት ነው» አለች ጂቱ። «ፊቷ ግን አሁን እየሄደ ነው። አቁም።»

ዶክተሩ ስክሪኑን አዩ፤ እሷን አዩ፤ ከዚያ መሣሪያቸውን አስቀመጡ።

ስነቃ ጭንቅላቴ ተጠቅልሏል፣ ፊቴ አብጧል፣ ግራ ጉንጬ ደንዝዟል። በማግስቱ ቀና አድርገው አስቀምጠውኝ አንድ ማንኪያ ውሃ አቀመሱኝ። ዋጥኩት። ትን አላለኝም። ያቺን ማንኪያ ውሃ ስውጥ የተሰማኝን ደስታ ብጽፈው አይገባችሁም፤ ለአንድ ወር ውሃ ሲፈራ የኖረ ሰው ብቻ ነው የሚገባው።

ፊቴ ደህና እንደሆነ ዶክተሩ ቢነግሩኝም ግን አላመንኩም። መስታወት ስጠይቅ ቀንዓ አልያዝኩም አለ። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያስገባሁት። ፊቴ እንዴት ነው ስለው «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ይላል፤ ሁለቴ። ቀንዓ አንድ ነገር ሁለቴ ካለ ውሸት ነው። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ከእሱ ጋር ይንሾካሾካል፤ ሲገባ ያለ ልኩ ይሥቅልኛል። ስለዚህ ደመደምኩ። አፌ ተጣሟል፤ ዓይኔ ወርዷል፤ ማንም ሊነግረኝ አልደፈረም። በደነዘዘው ጉንጬ ላይ ጣቴን እያሳረፍኩ ምን እንደሚመስል ለመገመት ሞከርኩ። ጂቱን ለመጠየቅም ፈራሁ፤ እኔ፣ ቲቸር ድንቅቱ።

እሑድ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ኦቦ ጋሮማ ጋቢውን ደርቦ ገባ። ኋላው ሁለት የዕድር ሽማግሌ አለ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ከአምቦ ድረስ፣ በጋቢ፣ ከሁለት ሽማግሌ ጋር። ፊቴን ረሳሁት። እናቴ ሸነን ከተማ ከወንድሜ ጋር ነው የምትኖረው፤ ሰማንያ አልፏታል። አበቃ፣ እናቴ ናት አልኩ።

«አካም ጅርታ፣ ቲቸር» አለ ኦቦ ጋሮማ። ተቀመጠ። ጤናዬን ጠየቀ፣ የልጆቼን ጠየቀ፣ የሐኪሞቹን ጠየቀ። «ደንዲ በልጉ ደህና ዘንቧል፤ ሐይቁም ሞልቷል አሉ» አለ። ከዝናቡ ወደ ከብቱ ሄደ። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ በአባቴ ጊዜ ሄጄበታለሁ። ቀጥሎ በሽታ ይመጣል፤ ከዚያ ስም። አንሶላውን ጨበጥኩ። ቀንዓን ባየው መሬት መሬት ያያል።

«ዘንድሮ መቼም ሕመሙ...» ብሎ ኦቦ ጋሮማ ሲጀምር ጂቱ ገባች። አረንጓዴ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ናት። የአባቷን ጋቢ አየች፤ ሽማግሌዎቹን አየች፤ እኔን አየች። ሁሉም ነገር በአንዴ ገባት። ቀኝ እጇ ደረቷ ድረስ ተነሣ፤ አየሁት። መልሳ አወረደችው።

«አባ፣ አቁም» አለች።

በአምቦ ሰፈር ኦቦ ጋሮማን መርዶ መሀል ያቋረጠ ሰው የለም፤ ልጁ ደግሞ ድምጿን ከፍ አድርጋበት አታውቅም።

«ቲቸር፣ የሞተ ሰው የለም» አለች ወደ እኔ ዞራ። «እናትሽ ደህና ናቸው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ ሽምብራ የምታክል ቀርታለች። ብትነካ ፊትሽ ይሄድ ነበር። ያስቀረኋት እኔ ነኝ።»

ለካ ቀንዓ ከዶክተሩ አፍ ቀድሞኝ ሰምቶ፣ ራሱ ሊነግረኝ ፈርቶ፣ ይህን ዜና ቀስ አድርጎ የሚነግርልኝ ብሎ አምቦ ደውሎ ያስመጣው ኦቦ ጋሮማን ኖሯል! ስለ አንዲት ሽምብራ! የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ከድንጋጤ ሊያድንህ ብሎ በድንጋጤ ይገድልሃል።

አለቀስኩ። ሽምብራዋን ፈርቼ አይደለም። እናቴ በሕይወት ስላለች፣ ውሃ ስለዋጥኩ፣ ያቺ በአንድ እግሯ ያቆምኳት ልጅ ለእኔ ብላ ስንቱን ትልቅ ሰው በአንድ ሳምንት ስላቋረጠች አለቀስኩ። እንደ ሕፃን፣ ሳልሸፍነው ነው ያለቀስኩት። ኦቦ ጋሮማ ልጁን ይቆጣ ይሆናል ብለው ሽማግሌዎቹ ሲጠብቁ፣ እሱ ዓይኑን ከእኔ አላነሣም። ጎንበስ ብሎ፣ ቀርቦ፣ ፊቴን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አየው።

«አርባ ዓመት ሙሉ ሲያለቅስ የማየው የሰው ፊት ነው» አለ። «ሐኪም አይደለሁም፤ የሚያለቅስ ፊት ግን አውቃለሁ። የቲቸር ፊት በሁለቱም በኩል እኩል ነው የሚያለቅሰው።»

አመንኩት። ዶክተሩንም፣ ቀንዓንም አላመንኩም ነበር፤ እሱን አመንኩት። ቀንዓ አፍሮ፣ እብጠቱን እንዳላይ የደበቀውን መስታወት ከቦርሳው አወጣ፤ እኔ ግን አልፈለግኩትም።

«ይህን ፊት ነው ያተረፍሽላት?» ብሎ ጂቱን ጠየቃት አባቷ። እስከዚያ ቀን ልጁ ምን እንደምትሠራ በቅጡ አልገባውም ነበር። እሷም አዎ አለችው። «ጋላቶሚ፣ ኢንተለ ኮ» አላት። አመሰግናለሁ ልጄ ማለቱ ነው፤ እኔም ተከትዬ አልኳት፤ በሁለቱም ቋንቋ አልኳት፤ በቂ አልመሰለኝምና ደገምኩት።

ሽምብራዋ ዛሬም እዚያው አለች። በየዓመቱ ኤምአርአይ እነሣለሁ፤ እስካሁን አላደገችም፤ ብታድግም ጂቱ በቀጥታ እንደምትነግረኝ ስለማውቅ እንቅልፌን እተኛለሁ። ጂቱ ዛሬም በዓል በመጣ ቁጥር ለካቺሲው ሰው ትደውልለታለች፤ ስለ እሱ ሲነሣ ድምጿ ዝቅ ይላል። እኔም ክፍሌ ተመልሻለሁ። ቅጣቱን አስቀርቻለሁ፤ በዚህም የተነሣ ክፍሌ የገበያ ቀን ሆኗል፤ ራሴን ያዞረኛል፤ እችለዋለሁ።

የዚያን እሑድ እንግዶቹ ሊሄዱ ሲነሡ ኦቦ ጋሮማን አንድ ነገር ጠየቅኩት፤ ደንዲ እውነት ዘንቧል ወይ? ጋቢውን አስተካከለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ገና ጠብታ እንዳልወረደ አመነ። ሳቄ መጣ፤ ስፌቱ እያመመኝ ሳቅኩ። በሩ ላይ የደረሰው ኦቦ ጋሮማ ተመልሶ መጥቶ ጎንበስ አለና ፊቴን አየ።

«ሳቋም እኩል ነው» አለ ለልጁ።